ከንብረት ክፍል የማይወጣው ፕሮጀክተር

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአንድ የወረዳ ከተማ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ነኝ። ባለፈው ዓመት አራት ፕሮጀክተርና አሥራ ሁለት ላፕቶፕ በእርዳታ አግኝተን መምህራኑ የአንድ ቀን ሥልጠና ወስደዋል፤ የምስክር ወረቀትም ተሰጥቷቸዋል። ዛሬ ከስልሳ በላይ ከሆኑት መምህራን መካከል ፕሮጀክተር የሚጠይቀኝ የአይሲቲው መምህር ብቻ ነው። ሌሎቹ «ጊዜ የለንም» ከማለት በቀር ምክንያት አይሰጡኝም። ይህ ስንፍና ነው ወይስ እኛ አመራሮቹ የዘለልነው ነገር አለ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ስንፍና ነው ብለው ከመደምደምዎ በፊት አንድ ቀን ሰዓት ይዘው ከመምህራኑ አንዱን ቢከተሉት መልካም ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው እንበል። መምህሩ ከቀደመው ክፍል ወጥቶ ወደ ንብረት ክፍል ይሄዳል፤ ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ለሻይ ወጥቶ ይሆናል፤ ፕሮጀክተሩ ሲገኝ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያው አይደርስም፤ ማራዘሚያው ሲደርስ ደግሞ መስኮቱ መጋረጃ ስለሌለው ግድግዳው ላይ ያረፈውን ምስል የቀን ብርሃን ይውጠዋል። ይህ ሁሉ እስኪስተካከል ከክፍለ ጊዜው ሲሶው ያልፋል፤ በመሐሉ መብራት ከጠፋ ደግሞ ስልሳ ተማሪ ፊት ባዶ እጁን ይቆማል። ጠመኔ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ስለዚህ «ጊዜ የለንም» የሚለውን መልስ እኔ ሰበብ አልለውም፤ ትክክለኛ ስሌት ነው።

መምህራን አፍ አውጥተው የማይናገሩት ሌላም ምክንያት አለ። ዕቃው በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) በስሙ ወጪ የሆነበት መምህር፣ ፕሮጀክተሩ ከጠረጴዛ ላይ ቢወድቅ ዋጋው ከደመወዙ እንደሚቆረጥ ያስባል። በእርግጥ የተቆረጠበት ሰው ላይኖር ይችላል፤ «አይቆረጥብህም» ብሎ የጻፈለት ሰው ግን በእርግጥ የለም።

እነዚህ ሁለቱ በአመራር ውሳኔ የሚቃለሉ ናቸው። ፕሮጀክተሮቹን ከክፍል ወደ ክፍል ማዞሩን ይተዉና ቢያንስ ሁለቱን በሁለት ክፍሎች ውስጥ በቋሚነት አስተክለው፣ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ አስሸፍነው፣ ለየትምህርት ክፍሉ ተራ ያውጡ፤ ከዕቃው ይልቅ ተማሪው ይንቀሳቀስ። በተለመደ አገልግሎት ላይ ሳለ ለሚደርስ ብልሽት መምህሩ እንደማይጠየቅም ከሚመለከተው የንብረት ኃላፊ ጋር ተነጋግረው በጽሑፍ ያሳውቁ።

የሥልጠናው ጉዳይ ግን ከዚህ ይከብዳል። የአንድ ቀን ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተምረው ስለ መሣሪያው ነው፤ የኬሚስትሪ መምህሯም የታሪክ መምህሩም በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ስላይድ እንዴት እንደሚዘጋጅ ይሰማሉ። የኬሚስትሪ መምህሯ የኬሚካል ትስስርን ስታስተምር ተማሪዎቿ በየዓመቱ የሚደናገሩት የቱ ጋ እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች፤ መሣሪያው እዚያች ቦታ ላይ ምን እንደሚረዳት ግን የነገራት የለም። ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኮለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ ያስረዱትም ይህንኑ ነው፤ የትምህርቱን ይዘት ማወቅ፣ የማስተማር ዘዴውን ማወቅና ቴክኖሎጂውን ማወቅ ለየብቻቸው ቢሟሉም ሦስቱ የሚገናኙበትን ቦታ ማወቅ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት ደግሞ የሚገኘው ያንኑ ትምህርት ከሚያስተምር ባልደረባ ጋር አብሮ በመሥራት እንጂ በአዳራሽ ንግግር አይደለም።

ጊዜው ከየት ይምጣ ቢሉ፣ በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ስም ከአንድ መምህር በዓመት የሚጠበቀው 60 ሰዓት አለ። ይህ ሰዓት በብዙ ቦታ ቅጽ በመሙላትና ማኅደር በማደራጀት እንደሚያልቅ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ከዚያ ላይ ጥቂቱን ቆርሰው ለዚህ ያውሉት። ሁለት የባዮሎጂ መምህራን አንድ ምዕራፍ፣ ከምዕራፉም አንዲት ተማሪዎች የሚቸገሩባትን ርዕስ ይምረጡ፤ አንዱ 9ሀ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር ሌላው ከኋላ ተቀምጦ ተማሪዎቹን ይከታተል። ዓይኑ መምህሩ ላይ እንዳይሆን አደራ፤ ያኔ ነገሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ይመስላል። በማግሥቱ ያዩትን አስተካክለው 9ለ ላይ ይድገሙት። ምድብ በበዛባቸው ትምህርት ቤቶቻችን አንዱ መምህር ያንኑ ትምህርት በሳምንት አራትና አምስት ጊዜ ይደጋግማል፤ ዘወትር የምናማርርበት ይህ ድግግሞሽ ለዚህ ዓይነቱ ልምምድ የተመቸ ነው። የተሳካላቸው ሁለት መምህራን ከተገኙ ሦስተኛውን የሚስቡት እነርሱ ራሳቸው ናቸው፤ የጉድኝት ማዕከላችሁም ልምዱን ወደ አጎራባች ትምህርት ቤቶች ሊያደርሰው ይችላል።

መምህሩን ሳይዙ መሣሪያውን ማስቀደም የት እንደሚያደርስ ከሩቅ አገር ምሳሌ መጥቀስ አያስፈልገንም። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር እኔ የፊዚክስ መምህር ነበርሁ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለመላው አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይተላለፋል፤ ለመምህሩ የሚቀረው ከመግቢያው ጥቂት ደቂቃ፣ ከመጨረሻው ጥቂት ደቂቃ ነበር። ሥዕሎቹና የቤተ ሙከራ ማሳያዎቹ በእኛ ትምህርት ቤት ታይተው የማይታወቁ መሆናቸውን አልክድም። ሆኖም አንድ ተማሪ እጁን ሲያወጣ ስርጭቱን ማቆም አልችልም ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ጠይቃ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቃ «በጣም ጥሩ!» ትላለች፤ እኛ ጥያቄውን ገና አልገለበጥነውም። ያ ተማሪ እጁን ቀስ ብሎ ሲያወርድ እስከ ዛሬ ይታየኛል። የእናንተ ፕሮጀክተር ከዚያ የሚሻለው መምህሩ ሲፈልግ ስለሚያስቆመው ነው፤ ይህን ሥልጣን በፕሮግራምና በትእዛዝ ብዛት እንዳትወስዱበት።

ጥያቄ፦ ፊዚክስ ሳስተምር ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤታችን ኢንተርኔትም የተሟላ ቤተ ሙከራም የለውም። ስልክ የመጠቀም ነገር ሲነሣ ደግሞ ተማሪዎቼ ከእኔ ስለሚበልጡ ፊታቸው መሳሳቱን እፈራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጋሼ፣ የሙያ ባልደረባ ስለሆንን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎ። ተማሪዎችዎ የሚበልጡዎት ስልኩን በመነካካት ነው፤ ስልኩ የሰጠውን ቁጥር አምነው መቀበል ይገባቸው እንደሆነ ግን አያውቁም፤ ያንን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ስልኩን ለእነርሱ ይተዉት፤ ጥያቄውን እርስዎ ይያዙ።

በጀርመን የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ፊፎክስ የሚባል ነጻ መተግበሪያ አለ። የስልክን ማይክሮፎንና ሌሎች ዳሳሾች ወደ መለኪያ መሣሪያነት ይለውጣል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላም ኢንተርኔት አይፈልግም። በውስጡ በድምፅ የሚነሣና በድምፅ የሚቆም ሰዓት አለ። ሁለት ስልኮች ላይ ያስጭኑና ነፋስ በሌለበት ሰዓት ወደ ሜዳ ይውጡ። ስልኮቹን በ5 ሜትር ርቀት መሬት ላይ ያስቀምጡ። በመጀመሪያው ስልክ አጠገብ የቆመ ተማሪ አንዴ ያጨብጭብ፤ የእርሱ ሰዓት ወዲያው፣ የሩቁ ደግሞ ድምፁ ሲደርሰው ይነሣል። ቀጥሎ በሁለተኛው ስልክ አጠገብ ያለው ያጨብጭብ፤ አሁን ቀድሞ የሚቆመው የሁለተኛው ሰዓት ነው፤ የመጀመሪያው ዘግይቶ ይቆማል። የሁለቱ ንባብ ልዩነት ድምፅ 5 ሜትር ሄዶ 5 ሜትር ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ ነው። ልዩነቱ 0.029 ሰከንድ ከሆነ 10 ሜትርን ለዚህ ሲያካፍሉ በሰከንድ 345 ሜትር ገደማ ይመጣል፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚታወቀው 343 ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የእርስዎ ሜዳ ነው። ልዩነቱ 0.030 የሆነበት ቡድን 333 አገኘሁ ብሎ ይመጣል፤ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ይህን ያህል የሚያዛባ ከሆነ ስንት ጊዜ ደጋግመን አማካይ መውሰድ ይኖርብናል? «በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ ይዘገያል» የሚል ተማሪም አይጠፋም፤ ፍጥነቱን በዋናነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ የቦታው ከፍታ ራሱ አለመሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተመቸ ጊዜ አያገኙም። ሰዓቱ በጫጫታ ያለ ቦታው ከተነሣ መተግበሪያው ውስጥ የድምፁን መነሻ መጠን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ይህን ካላወቁት ደግሞ «እስቲ አሳየኝ» ብለው አንዱን ተማሪ ይጠይቁ። በእኔ ልምድ ተማሪ መምህሩን የሚንቀው የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሲያስመስል ነው።

ጥያቄ፦ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ድርሰት በቻትጂፒቲ አስጽፈው ያመጡልኛል። እንዴት ልከላከል?

መልስ፦ መሣሪያው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ ይህን የሚጠይቁን መምህራን ብዙ ናቸው። «ጽሑፉ የማሽን መሆኑን እለያለሁ» በሚል ፕሮግራም ተማሪ እንዳይከሱ እመክርዎታለሁ፤ ራሱ የጻፈውን ልጅ ሌባ ሊያደርገው ይችላል። ይልቅ ድርሰቱ በክፍል ውስጥ ይጀመር፤ የመጀመሪያውን አንቀጽ በእጃቸው ጽፈው እርስዎ ከፈረሙበት በኋላ ቤታቸው ይጨርሱት፤ ሲመልሱም ሁለት ሦስት ተማሪ አስነሥተው «ይህን ቃል ለምን መረጥህ?» ብለው ይጠይቁ። ካመቸዎት ማሽኑ የጻፈውን አንድ ገጽ አማርኛ ሰሌዳ ላይ ገልብጠው ክፍሉ እንዲያርመው ያድርጉ። አማርኛ የማይመስል ሐረግ፣ ቦታውን የሳተ ተረትና ምሳሌ፣ ከባለቤቱ ጋር ያልተስማማ ግሥ ካገኙበት የዕለቱ የሰዋስው ትምህርት ከዚያው ይወጣል። ለዚህ ደግሞ ፕሮጀክተር አያስፈልግዎትም።