የባል ኮት፣ የሚስት ቀሚስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከወሎ የመጡ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ዓመት ከዓመት አንድ ዓይነት መልበስ ሰልችቷቸዋል፤ ሴቶቹ የወንድ፣ ወንዶቹ የሴት ልብስ አምሯቸዋል። ያስቸገራቸው ደግሞ ልኩ ነው። የወንድና የሴት ልብስ ከቀለምና ከጥልፍ በፊት በአቆራረጡ ይለያያል፤ ትከሻው፣ ብብቱና ወገቡ የተቆረጡት ለሌላ ገላ ነው። መልሳችንም በዚያው ላይ ያተኩራል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ከሰኞ ገበያ የወንድ ሸሚዝና ኮት ሰልባጅ እየገዛሁ መልበስ ጀምሬያለሁ። ተንጠልጥሎ ሳየው ያምራል፤ ስለብሰው ግን የተዋስኩት ይመስላል። ሸሚዙ ደረቴ ላይ ይከፈታል፣ ኮቱ ከትከሻዬ ይወርዳል። ሱሪ ደግሞ ከኋላ ወገቤ ላይ አፉን ይከፍታል።

መልስ፦ እህታችን፣ ኮት የሚገዛው በትከሻ ነው። ጎኑ ይጠባል፣ እጅጌው ያጥራል፤ ትከሻው ግን ስፖንጁ፣ ማጠንከሪያ ጨርቁና የእጅጌው አናት አንድ ላይ የተሰፉበት ስለሆነ እሱን መንካት ኮቱን ፈትቶ እንደ አዲስ መስፋት ነው። የሰፊው ዋጋ ከኮቱ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ወደ ገበያ ከመውጣትሽ በፊት በጀርባሽ በኩል ከአንዱ የትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አስለኪ። ስትሞክሪው የኮቱ የትከሻ ስፌት ከአጥንትሽ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ካለፈ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ተዪው። ቁጥሩን ማንበብም ይጠቅማል። በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ የወንድ ኮት ቁጥር የደረት ዙሪያ ግማሽ ነው፤ 46 ማለት 92 ሴንቲ ሜትር ደረት ላለው ሰው የተሰፋ ነው። 36 ወይም 38 የሚል ካገኘሽ ደግሞ በኢንች ነው፤ 36 ወደ 91 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል።

ትከሻው ልክ ሆኖ ወገቡ ከሰፋ፣ ሰፊው ከጀርባው መሐል ስፌትና ከሁለቱ ጎኖች በድምሩ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይቀንስልሽ። ከዚያ በላይ ከተቀነሰ ኪሶቹ ወደ ጎን ይሸሻሉ። እጅጌው አውራ ጣትሽ የሚጀምርበት አንጓ ላይ ይቁም። እጅጌውን ስታሳጥሪ ጫፉ ላይ ያሉት ቁልፎች ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ አያስኬዱም፤ ገፍተሽ ካሳጠርሽ ቁልፎቹ ጠርዙ ላይ ይወድቃሉ።

የሸሚዙ ችግር ሌላ ነው። አንገቱ ላይ ያለው ቁጥር፣ 38 ወይም 39 የሚለው፣ የአንገት ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ነው። ስለ ደረትሽ የሚነግርሽ ነገር የለም። የወንድ ሸሚዝ ከደረት እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ደረትሽ ላይ ሲወጠር በሁለተኛውና በሦስተኛው ቁልፍ መካከል ይከፈታል፤ ዳሌሽ ላይ ደግሞ ይይዛል። ለሰፊው የሰውነትሽ ክፍል የሚበቃውን ግዢና ሌላውን አስጠብቢ። ጀርባው ላይ፣ ከብብት ደረጃ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚጀምሩ፣ ወገብ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚገቡ ሁለት ቀጥ ያሉ እጥፋቶች ይሰፉ፤ እያንዳንዱ 3 ሴንቲ ሜትር ይበላልና ወገቡ በ6 ይጠባል። በሚከፈትበት ቦታ ከውስጥ አንዲት ድብቅ ቁልፍ ይተከል። ዳሌ ላይ ከያዘሽ የጎን ስፌቱ ከታች 8 ሴንቲ ሜትር ይተርተርና ጠርዙ ይታጠፍ። የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ በቀኝ በኩል፣ የሴት በግራ መሆኑ አያስጨንቅሽ፤ እሱን ለመቀየር ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰፊ ካለ ሌላ ፈልጊ።

ሱሪ በዳሌ ይገዛል። ከኋላ አፉን የሚከፍተው ለወገብሽ ልክ ብለሽ ስለገዛሽው ነው፤ ዳሌሽ ጨርቁን ወደ ራሱ ስቦ ወገቡን ያጋልጠዋል። ዳሌሽን የሚያስገባውን ወስደሽ ከኋላ መሐል ስፌት እስከ 4 ሴንቲ ሜትር አስጠብቢ። ከዚያ ካለፈ የኋላ ኪሶቹ ይቀራረቡና ያስቀይማሉ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትልበሺው። የወንድ ኮት ከራስሽ ቀሚስ ጋር፣ የወንድ ሸሚዝ ከጉርድሽ ጋር ስታቀላቅዪው ሦስት ልብስ ብዙ ዓይነት አለባበስ ይወጣዋል። ለደሴ ብርድ የሱፍ ኮት ከነጠላ በላይ ያገለግላል፤ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርጂ ግን ሸሚዙ ይበቃሻል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ወንድ ነኝ። ከሥራ ገብቼ በሬን ስዘጋ የሴት ቀሚስ መልበስ ያሳርፈኛል። ከዚያ ያለፈ ፍላጎት የለኝም። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ቀሚስ ግን ብብቴ ላይ ይቀደዳል፣ ወገቡም ደረቴ ሥር ይቀራል። ሰፊ ጋ ምን ብዬ ልሂድ? ጫማስ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ቀሚሱ የሚቀደደው ስለወፈርክ አይደለም። የሴት ልብስ የክንድ ቀዳዳ ጠባብና ወደ ብብት የተጠጋ ነው፤ ሰፊ ትከሻና ወፍራም ክንድ ያለው ሰው እጁን ወደ ላይ ሲያነሣ ጨርቁ መንቀሳቀሻ ያጣል። ወገቡ ከፍ የሚለው ደግሞ ከማጅራት እስከ ወገብ ያለው ርዝመትህ ከሴት ስለሚበልጥ ነው። ስለዚህ ወገቡ ላይ የተቆረጠና የተቀጠለ ቀሚስ አትግዛ፤ ከትከሻ እስከ እግር አንድ ወጥ ሆኖ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄደውን ምረጥ። ከሁሉም የሚያመቸው የሐበሻ ቀሚስ ነው። ልቅ ሆኖ ስለሚሰፋ ወገቡን የምትወስነው አንተ ነህ፣ በመቀነት።

ለሰፊ የሚያስፈልገው የልብሱ ባለቤት ማንነት ሳይሆን ልኩ ነው፤ ወረቀት ላይ ጽፈህ ስጠው። የትከሻ ስፋት፣ የደረት ዙሪያ፣ የወገብ ዙሪያ፣ የዳሌ ዙሪያ፣ ክንድህ ከብብት ሥር በሰፊው ቦታ ላይ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት። ደረት ላይ ከልክህ 10፣ ክንድ ላይ 6፣ ዳሌ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ይጨመር። በእያንዳንዱ ብብት ሥር በየጎኑ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁራጭ እንዲገባ እዘዝ፤ ለመቀደዱ ፍቱን መድኃኒቱ ይህ ነው። ቁመትህ 1 ሜትር ከ75 ከሆነ ርዝመቱ ከ135 እስከ 140 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ወርዱ 150 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ 3 ሜትር ተኩል ብትገዛ ለእጅጌውም ይተርፋል። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ከመቆረጡ በፊት ውኃ ውስጥ አሳድረህ አድርቀው።

መቀነት ስታስር ሱሪ በሚታጠቅበት ቦታ አትሰር። ወንዶች ብዙ ጊዜ እዚያ ያስሩታል፤ ቀሚሱ ከላይ እንደ ጆንያ ይቆዘራል። ከእምብርት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ፣ ጨርቁን ከጀርባህ በእኩል ሸብሽበህ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምጥመው። ዳሌው እንዲሞላ ከውስጥ ሽንሽን ያለው የጥጥ ጉርድ ይለበሳል። ጡት ማስያዣ ከፈለግህ ከጡት ሥር የጎድንህን ዙሪያ ለካ፦ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ገበያ ላይ 36፣ 85 ከሆነ 38፣ 90 ከሆነ 40 የሚለው ነው። ከጠበበህ ሰፊ ከኋላው ማስረዘሚያ ይቀጥልልሃል።

ነጠላ ከደረብክ ጥለቱ የት እንደሚውል እወቅ። ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ከዞረ ማዘቅዘቅ ነው፤ ያ የሐዘን አለባበስ ነው። ለዘወትር ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል።

ጫማን በተመለከተ፣ በአውሮፓ ቁጥር 42 ለሁለቱም አንድ ርዝመት ነው፤ የሴቷ ግን ከፊት ይጠባል። አንድ ቁጥር ጨምር። ከ41 በላይ የሴት ጫማ በየሱቁ ስለማይገኝ ከፊት ክፍት የሆነውን ፈልግ። ተረከዙ ወፍራምና ከ4 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ይሁን፤ መጀመሪያ ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀን አንድ ሩብ ሰዓት ተራመድበት። ተረከዝህን አስቀድመህ፣ እርምጃህን አሳጥረህ። ጉልበትህ ከታጠፈ ተረከዙ በዝቶብሃል ማለት ነው።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ጢሜን ብላጨውም አረንጓዴ ጥላው በሜካፕ ላይ ይታያል። ማግሥቱን ደግሞ አንገቴ በሽፍታ ይሞላል።

መልስ፦ ሽፍታው የሚመጣው የእኛ ጸጉር ጥቅልል ስለሆነ ነው። ከቆዳ ሥር የተቆረጠ ጸጉር ሲያድግ ታጥፎ ወደ ሥጋ ይገባል፤ ያ ያብጣል። ምላጩን ወደ ጸጉሩ አቅጣጫ ብቻ ሳብ፣ ቆዳህን አትወጥር፣ አንዱን ቦታ ደጋግመህ አትላጭ። ከመላጨትህ በፊት ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ፎጣ 5 ደቂቃ ያዝበት። አንገትህ አሁን ካበጠ እስኪድን ምላጭ ተውና በማሽን ወደ 1 ሚሊ ሜትር አስቀረው።

ጥላው በፋውንዴሽን ብዛት አይሸፈንም፤ ሲወፍር ይሰነጠቃል፣ ጥላውም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ከሥሩ ብርቱካንማ ቀይ ሊፕስቲክ በጣም ስስ አድርገህ፣ ሳትለቀልቅ በጣትህ ጫፍ መታ መታ አድርግ። ቀዩ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ያጠፋዋል። ላዩ ላይ ፓውደር፣ ከዚያ ስስ ፋውንዴሽን፣ እንደገና ፓውደር። ሲመሽ በዘይት አርሰህ አስለቅቀው፤ በሳሙና ፈትገህ የተላጨ ቆዳ አታቁስል። ኩልና የኩል መኳያ ከማንም ጋር አትጋራ፤ ትራኮማ በዓይን ፈሳሽ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፣ አካባቢያችንም ከእሱ ነጻ አይደለም።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ባሌ አልፎ አልፎ የእኔን ልብስ እንደሚለብስ ነገረኝ። ደንግጫለሁ። ትዳራችን ጥሩ ነው። ምን ማለት ነው? ሃይማኖታችንስ?

መልስ፦ እህታችን፣ ድንጋጤዎ የሚገባ ነው። ልብሱ ብቻውን ስለ ፍቅሩ ወይም ስለ ትዳራችሁ የሚናገረው ነገር የለም፤ ሚስቱን እየወደደ ለዕረፍት ብቻ እንዲህ የሚለብስ ብዙ ባል አለ። ከማንም ከመስማትዎ በፊት እሱ ራሱ መንገሩን ትልቅ ነገር አድርገው ይቁጠሩት። ተቀምጣችሁ በግልጽ ወስኑ፦ የት፣ መቼ፣ ልጆች ባሉበት ወይስ በሌሉበት፣ ምን ያህል ብር። የእርስዎን ልብስ አይልበስ፤ ስፌቱን ያሰፋዋል፣ የራሱ ይኑረው። ቤተ ዘመድ በሚገባበት ሰዓት በሩ ይዘጋ፤ ነገሩን የማይረዳ ጎረቤት ክፉ ወሬ ሊያደርገው ይችላልና። ሃይማኖቱን በተመለከተ፣ በክርስትና ዘዳግም 22፥5 ይነሣል፤ እስልምናም ወንድ ሴትን፣ ሴት ወንድን በአለባበስ እንዳይመስሉ ያስተምራል። ይህን ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሸኻችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ የልብስ ዓምድ በዚያ ላይ ፍርድ አይሰጥም።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ የትምህርት ቤታችን ቴአትር ክበብ ውስጥ ሴት ተዋናይ ጠፍቶ እናቲቱን የሚጫወተው ወንድ ልጅ ነው። ተመልካቹ ገና ሲወጣ ይስቃል። ታሪኩ ግን አሳዛኝ ነው።

መልስ፦ በአገራችን ቴአትር መጀመሪያ ላይ ሴቶች መድረክ ሳይወጡ የሴቷን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ይጫወቱ ነበር። ሳቁን የሚያመጣው ማጋነኑ ነው። ድምፁን አያቅጥን፤ በራሱ ድምፅ፣ ዝግ ብሎ፣ ቃሉን እስከ መጨረሻው ይናገር። ፊኛ ደረቱ ላይ አትክተቱ፤ ይፈነዳል፣ ሲጎነበስም ወደ አንገት ይወጣል። ሁለት የጥጥ ካልሲ ውስጥ በእያንዳንዱ ከ250 እስከ 300 ግራም ማሽላ ጨምራችሁ ቋጥሩና ጡት ማስያዣው ውስጥ አስቀምጡት፤ ክብደቱ ወደ ታች ስለሚይዘው አረማመዱም ራሱ ይለወጣል። ዊግ አያስፈልግም። ሻሹ ግንባሩን እስከ ጸጉሩ መጀመሪያ ሸፍኖ ማጅራት ላይ ይታሰር፣ ነጠላው ትከሻውን ይሸፍን፤ ከሩቅ የሚያጋልጠው ሰፊ ትከሻው ነውና። ከሁሉ በላይ ልጁ በልምምድ ጊዜ ሁሉ ቀሚሱን ለብሶ ይለማመድ፤ በዕለቱ ብቻ ከለበሰው ሲቀመጥ ጨርቁን መሰብሰብ ይረሳል፣ ሲነሣም ይረግጠዋል።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ የወንድሜን ሽርጥ እንደ ጉርድ መልበስ እፈልጋለሁ። ገበያ መሐል እንዳይፈታብኝ እፈራለሁ።

መልስ፦ ወንዶች ጫፉን ጠቅልለው የሚይዙት ወገባቸው ቀጥ ስላለ ነው፤ የሴት ወገብ ከዳሌ ስለሚጠብ ጥቅሉ በእርምጃ ቁጥር ይላላል። ጫፉን ወደ ግራ ዳሌሽ አምጥተሽ ከላይ 10 ሴንቲ ሜትር አስተርፈሽ ከሥሩ ጠባብ ቀበቶ ወይም መቀነት እሰሪ፣ የተረፈውን ወደ ውጭ አጥፈሽ በላዩ አውርጂው። ቀበቶው ይደበቃል፣ ርዝመቱም ይስተካከላል። ለሰኞው ገበያ ግፊያ ደግሞ ከጉልበትሽ በላይ ሁለቱ የጨርቅ ጫፎች በተደራረቡበት ቦታ አንድ መርፌ ቁልፍ ከውስጥ አስገቢ።