እመቤታችን በመስቀሉ ሥር

ጥያቄ፦ እናቴ ካረፈች ስምንት ወሯ ነው። ሐዘኔን በቃል ማውጣት ስላቃተኝ እመቤታችንን በመስቀሉ ሥር እየሣልኩ ነው። በእንቁላል አስኳል የበጠበጥኩት ቀለም ግን ሸራው ላይ ተሰነጣጠቀብኝ። አፏን ከፍታ ስታለቅስ ስሥላት ደግሞ ሐዘኑ ጩኸት ይመስላል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት።

የአስኳል ቀለም ሲደርቅ ግትር ነው። በፍሬም የተወጠረ ሸራ ደግሞ እርጥበትና ሙቀት በተፈራረቁበት ቁጥር ይላላል፣ ይወጠራል፤ ቀለሙ አብሮት መሳብ ስለማይችል ይሰነጠቃል። በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሸራ እንዲህ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ስስ የጥጥ ጨርቅ በደንብ በደረቀ የዋንዛ ሳንቃ ላይ ይለጥፉ። 70 ግራም የቆዳ ሙጫ በ1 ሊትር ውኃ ዘፍዝፈው ያሳድሩና በማግስቱ ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ያሟሙት። እንዳይፈላ፤ ከፈላ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ጨርቁን በዚሁ ሙጫ ከለጠፉ በኋላ፣ በቀረው ላይ የተነፋ የጠመኔ ዱቄት እንደ አጥሚት እስኪወፍር ጨምረው ከ6 እስከ 8 ጊዜ ስስ አድርገው ይቀቡ። ሲያማስሉ ቀስ ይበሉ፤ አረፋ ከገባበት ላዩ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። የግንበኛ ጀሶ አይሆንም፣ ውኃ ሲነካው ይጋግራል።

ለቀለሙ የአስኳሉን ስስ ሽፋን በስተው ፈሳሹን ብቻ ይውሰዱ፤ ለ1 አስኳል 1 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ይበቃል። የደረቀው ቀለም በጣት ሲታሽ ከለቀቀ አስኳል አንሶታል፣ ካብለጨለጨ በዝቶበታል።

ወደ ፊቷ እንምጣ። አፏን ይዝጉት። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሐዘን የሚነበበው ከዓይን፣ ከአንገትና ከእጅ ነው። ራሷን ወደ መስቀሉ ዘንበል ያድርጉ፤ ልቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው እጇ ጉንጯ ላይ ይረፍ። ዘንበል ይበል እንጂ ፊቷ ጨርሶ አይዙር፤ በጎን አንድ ዓይን ብቻ አሳይቶ መሣል ለክፉዎች የተተወ ነው። እንባ ካስፈለገ አንድ ቀጭን መስመር በቂ ነው።

ከመስቀሉ ግርጌ የአዳምን ራስ ቅል አይተዉ። የክርስቶስ ደም የሚንጠባጠበው በእሱ ላይ ነው፤ ለእናትዎ ያለዎት ተስፋ ሥዕሉ ውስጥ የሚገኘው እዚያ ነው።

እንደሚመስለን ጩኸቱ የመጣው የራስዎን ለቅሶ በእሷ ፊት ላይ ስላደረጉት ነው። ለእርስዎ ሐዘን በሥዕሉ ውስጥ ሌላ ቦታ አለ። ጣና ላይ፣ በደቅ ደሴት ባለው ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። እርስዎም ራስዎን አነስ አድርገው እንዲሁ ተደፍተው ይሣሉ፣ ከጎኑም የእናትዎንና የራስዎን የክርስትና ስም ይጻፉ። ለዚህ በከሰል ሲነድፉ ከታች አንድ ስንዝር ያህል ባዶ ይተዉ፤ ቀለም ከገባ በኋላ ቦታ አይገኝም።