ፕሮፔን በተርቦ ናፍጣ ሞተር ላይ፦ ጥያቄና መልስ

የፒክአፕ ጉልበት ለመጨመር ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ባለው ናፍጣ ሞተር አየር መሳቢያ ውስጥ ጥቂት ፕሮፔን የሚባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ስለማስገባት ከጎጃም የመጡ ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ ጋሼ፣ ናፍጣውን ራሱን ብንጨምርለት አይበቃም ወይ?

መልስ፦ አየር ካጠረው ናፍጣ መጨመር ጥቁር ጭስ ነው የሚሰጥህ። ፕሮፔን ግን ከአየሩ ጋር ቀድሞ ተደባልቆ ስለሚገባ ናፍጣው ሲለኮስ እሳቱ በፍጥነት ይዳረሳል። ሆኖም ጋዙ ኦክስጅን ይዞ አይመጣም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ተርቦህ ደክሞ ወይም የአየር ማጣሪያህ ታፍኖ ከሆነ እሱን ሳታስተካክል ጋዝ እንዳታስብ።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ መጠኑ ስንት ይሁን?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ፕሮፔን በአየር ውስጥ በይዘት 2.1 በመቶ ሲደርስ ድብልቁ ራሱ እሳት ይይዛል። ስለዚህ በግማሽ በመቶ ጀምር፤ 1 በመቶን አትለፍ። በቁጥር እንየው። 2.5 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3,000 ሲዞር፣ ተርቦው 1 ባር ግፊት ሲጨምር፣ በእናንተ ከፍታ በደቂቃ 6 ኪሎ ያህል አየር ይስባል። ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ስለሚከብድ ግማሽ በመቶው በደቂቃ 45 ግራም ያህል ይሆናል። ለማረጋገጥ ቫልቩ በድምሩ ስንት ደቂቃ እንደተከፈተ መዝግብ፤ የፕሮፔኑን ጋን ከመንዳትህ በፊትና በኋላ መዝነህ ልዩነቱን ለደቂቃው አካፍል።

ሲበዛ ድብልቁ ጊዜውን ሳይጠብቅ ይነድና ብረት በብረት የሚመታ ድምፅ ይመጣል። ቀጥሎ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ይበላል፣ የፒስተን አናት ይቀልጣል። የጭስ ሙቀት መለኪያ ከተርቦው በፊት ሳይገጠም ይህን ሥራ አልመክርም። 700 ዲግሪ ሲያልፍ እግርህን ከነዳጅ ፔዳሉ አንሳ።

ጥያቄ (እንጅባራ)፦ የማብሰያ ሲሊንደር ብጠቀምስ?

መልስ፦ አይሆንም፣ እህቴ። የወጥ ቤት ጋዝ ብዙ ቡቴን ሊኖረው ይችላል፤ ቡቴን ደግሞ በእንጅባራ ብርድ ግፊቱ እጅግ ይወርዳል። ሲሊንደሩ ሲጋደም በትነት ፈንታ ፈሳሹ ይወጣና ሬጉሌተሩን (የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረውን) በረዶ ያደርገዋል። ከሁሉ በላይ ግን 80 በመቶ ላይ መሙላት የሚያቆም፣ ቧንቧ ሲበጠስ ፍሰቱን የሚገታ ቫልቭ የለውም። ለመኪና ተብሎ የተሠራ ጋን ግዢ።

ጥያቄ (ደጀን)፦ 80 በመቶ ብቻ ለምን? ቦታው ይባክናል እኮ።

መልስ፦ ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ መውረዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። ጠዋት በ10 ዲግሪ ሞልተህ በረሃው ውስጥ ጋኑ 45 ዲግሪ ቢደርስ 80 የነበረው ፈሳሽ ወደ 90 በመቶ ይጠጋል። 95 ብትሞላው ግን ቦታ አይበቃውም፤ የማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፍቶ ጋዙን መንገድ ላይ ይለቀዋል። ቦታው የተተወው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ አገጣጠሙን በቅደም ተከተል ቢነግሩን?

መልስ፦ ጋኑን ከሻሲው ጋር በሁለት የብረት ቀበቶና በአራት 10 ሚሊሜትር ብሎን እሰር፤ ከሥሩ ሰፊ የብረት ሳህን ይግባ፣ ተራ ሮንዴላ አይበቃም። ካቢን ውስጥ ከሆነ ቫልቮቹን አየር በማያሳልፍ ሳጥን ሸፍነህ ማስተንፈሻውን ወደ ውጭ አውጣ። ፕላስቲክ የለበሰ የመዳብ ቧንቧ በየ60 ሴንቲሜትሩ ይታሰር፤ ከጭስ ማውጫው ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይራቅ።

ፈሳሹን ወደ ጋዝ የሚለውጠውን ሬጉሌተር ከራዲያተር ውሃ ጋር አገናኝ፤ ውሃው 40 ዲግሪ ሳይደርስ ቫልቭ እንዳይከፈት የሙቀት ስዊች ይግባ። ጋዙ የሚገባው ከአየር መለኪያው በኋላ፣ ከተርቦው በፊት ነው፤ የተርቦው ምላጭ በደንብ ይደባልቀዋል። ከተርቦው በኋላ ካስገባኸው የተርቦውን ግፊት ማሸነፍ ይኖርበታል፣ ለሲሊንደሮቹም እኩል አይዳረስም።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት ኤሌክትሪኩ ነው። መብራት ሲቋረጥ የሚዘጉ ሁለት ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈቱ ቫልቮች) ይኑሩ፤ አንዱ ጋኑ ላይ፣ ሌላው ማስገቢያው አፍንጫ አጠገብ፣ በመካከል ጋዝ እንዳይቀር። መስመሩ ከቁልፍ፣ በ10 አምፔር ፊውዝ፣ በዘይት ግፊት ስዊች፣ በሙቀት ስዊቹ፣ በሹፌሩ ማብሪያ፣ ከዚያ ተርቦው 0.4 ባር ሲደርስ በሚገናኝ ስዊች አልፎ ለሶሌኖይዶቹ ኤሌክትሪክ ወደሚያገናኘው ማብሪያ፣ ወደ ሪሌው ይሂድ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የዘይት መብራት የሚያበራው ስዊች ግፊት ሲጠፋ ነው የሚገናኘው፤ ለዚህ ሥራ ግፊት ሲኖር የሚገናኝ ያስፈልጋል። ከቁልፍ ብቻ ከወሰድከው መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢጠፋም ጋዙ መፍሰሱን ይቀጥላል።

ጥያቄ (ሞጣ)፦ ልቀት እንዴት እፈትሻለሁ? ቤንዚን መኪና ላይስ ይሠራል?

መልስ፦ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በሳሙና አረፋ፤ በእሳት ፈጽሞ አይሞከርም። ፕሮፔን መሬት ለመሬት ስለሚሄድ የጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ሥራውን ጉድጓድ በሌለበት ደጅ ላይ ሥሩ፤ የቡና ከሰልም ብየዳም አጠገብ አይኑር። ቤንዚን ሞተር ላይ ግን ይህን መጠን አትገልብጥ፤ ማቀጣጠያውና የነዳጅ ካርታው (የነዳጁ መጠን የሚወሰንበት ሠንጠረዥ) አብሮ መስተካከል ስላለበት ሥራው ሌላ ነው።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ እየነዳሁ ሽታ ቢመጣስ?

መልስ፦ የጋዙን ማብሪያ ወዲያው አጥፋ። ቦይና ጉድባ በሌለበት ገላጣ ቦታ ቁም፤ ሞተሩን አጥፋ፣ በሮቹን ክፈት፣ ሰው ይውረድ፣ የጋኑን የእጅ ቫልቭ ዝጋ። ሽታው ጨርሶ ሳይጠፋ ቁልፍ አታዙር፣ መብራትም አትንካ። መኪናውን ማንሳት ግድ ከሆነ በእጅ ግፉት።