የቀዳዳ ጥናት እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ የሲቪል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን ለቅርስ ጥገና በሚውል ሞርታር (ድንጋይን ከድንጋይ የሚያያይዝ ቅይጥ) ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። አባቴ «በቀዳዳ ማን ይቀጥርሻል?» ይሉኛል። አማካሪዬ ደግሞ ቀዳዳ የሚለካው የሜርኩሪ መሣሪያ ስለሌለን ርዕስ እንድቀይር መክረውኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። «የቀዳዳ ተመራማሪ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ደሴም አዲስ አበባም ተለጥፎ አታገኚም። ርዕሱን ግን አትቀይሪ።

ውሃ በግንብ ውስጥ የሚመላለሰው በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው። የኖራ ሞርታር እርጥበት ተንኖ እንዲወጣ መንገድ ይሰጣል። ጥቅጥቅ ያለ የሲሚንቶ ሞርታር በአሮጌና ለስላሳ ድንጋይ መካከል ሲገባ ግን እርጥበቱ በድንጋዩ በኩል መውጫ ይፈልጋል፤ ውሃው ሲተን ያዘለው ጨው እዚያው ጠጥሮ ድንጋዩን ይፈረካክሰዋል። መጠገኛው ተርፎ ተጠጋኙ ያልቃል ማለት ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከእሳተ ገሞራ አለት የተፈለፈሉ እንጂ የተገነቡ አይደሉም፤ ስንጥቃቸው የሚሞላበት ቅይጥ ግን ይህንኑ ጥያቄ ያስነሳል። (ናሙና ብለሽ ያለ ፈቃድ በመዶሻ እንዳትነኪ፤ ከአዲስ ድንጋይና ከራስሽ ቅይጥ ጀምሪ።)

ወደ መሣሪያው ልምጣ። ሜርኩሪ ካልገፉት ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፤ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር የሚያስፈልገው ግፊት ይጨምራል፤ ስፋቱ የሚሰላውም ከግፊቱ ነው። ነገር ግን ሰፊ አዳራሽ ጠባብ በር ካለው መሣሪያው የሚነግርሽ የበሩን ስፋት ነው። ሜርኩሪው መርዛማ ነው፤ የተለካው ናሙናም ለሌላ ሙከራ አይሆንም። ስለዚህ መሣሪያው ባይኖር ጥናቱ አይሞትም።

ሚዛን፣ ማድረቂያ ምድጃና የቫኩም ፓምፕ ይበቁሻል። ናሙናውን በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ክብደቱ እስኪረጋ አድርቀሽ መዝኚው፤ አየሩን በቫኩም ፓምፑ መጥጠሽ ውሃ አጠግቢው፤ ውሃ ውስጥ አንጠልጥለሽ፣ ከዚያም አውጥተሽ መዝኚው። ከሦስቱ ክብደቶች ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ ከጠቅላላው ይዘት ስንት በመቶ እንደሆነ ታሰያለሽ። ሌላ ደረቅ ናሙና ጥልቀቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር በሆነ ውሃ ላይ አቁመሽ የሚጠጣውን ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር በግራፍ አስቀምጪ፤ የመስመሩ ተዳፋት የመምጠጥ ፍጥነቱን ያሳይሻል። በአንድ ዓይነት አሸዋ አንዱን በኖራ፣ አንዱን በኖራና በተፈጨ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ አንዱን በሲሚንቶ ሥሪ፤ ድንጋዩንም እንደ ሞርታሩ ለኪው። ንጽጽሩ ከሌለ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም።

የሚያስፈራኝ ጊዜው ነው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ስለሆነ ሲሚንቶ ለመፈተሽ የተለመደው 28 ቀን አይበቃውም፤ ወራት ይፈልጋል። ናሙናውን ሰብረሽ ፌኖልፍታሊን (ቀለሙን የሚቀይር መፈተሻ ፈሳሽ) ስትነሰንሺበት ውስጡ ሮዝ ከሆነ ገና አልበሰለም።

ለሥራ ስታመለክቺ «የግንባታ ዕቃዎች ፍተሻ» ብለሽ ጻፊ። የኮንክሪት ዘላቂነትም የሚፈተሸው በዚሁ እውቀት ስለሆነ የቁሳቁስ ቤተ ሙከራዎችና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ምን ማለትሽ እንደሆነ ይገባቸዋል። ለሁለተኛ ዲግሪ ሚንሆ (ፖርቱጋል)፣ ፓዶቫ (ጣሊያን) እና ባርሴሎና (ስፔን) ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጡትን የታሪካዊ ግንባታዎች ትምህርት ተመልከቺ። ከሁሉ በፊት ግን በዚህ ሳምንት ኖራውን አስገዝተሽ የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ቅረጺ፤ አማካሪሽ ዘንድ ስትመለሺ የሙከራ ዕቅድሽንና የቀረጽሻቸውን ይዘሽ ግቢ።