አዲሱ ሕንፃ የሚያመጣውን ትራፊክ ማን ይሸከመው? ጥያቄና መልስ

የትራፊክ ጥናት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ አንዳንዴ ለአልሚ፣ አንዳንዴ ለከተማ። ሰፈራችሁ ትልቅ ግንባታ ሊመጣ ነው ተብላችሁ የተጨነቃችሁ ሰዎች ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከአልሚዎችም ደርሶኛል። የቻልኩትን ያህል እነሆ።

ከቤታችን አጠገብ 200 አፓርታማ ሊሠራ ነው። ገና ያልተሠራ ሕንፃ ስንት መኪና እንደሚያመጣ በምን ይታወቃል?

ቀድመው የተሠሩ ተመሳሳይ ቦታዎችን በመቁጠር ነው። በአሜሪካ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ማኅበር እንዲህ ያለውን ቆጠራ ሰብስቦ ያሳትማል። በዚያ ቆጠራ አንድ ራሱን የቻለ ቤት በቀን ከ9 እስከ 10 ጉዞ ያመጣል፤ መውጣትም መግባትም ይቆጠራል። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ የሚውለው ግን ከዚያ ውስጥ አንድ ያህሉ ነው። አፓርታማ ከዚህ ያነሰ ነው። ብዙ ከተሞች ፕሮጀክቱ በዋናው የመጨናነቅ ሰዓት 100 እና ከዚያ በላይ ጉዞ የሚያመጣ ከሆነ ሙሉ ጥናት ይጠይቃሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የማኅበሩ ቁጥር በአብዛኛው የተሰበሰበው ሰው ሁሉ በመኪና ከሚንቀሳቀስበት የከተማ ዳርቻ ነው። አውቶቡስና ባቡር በደንብ በሚሠራበት ቦታ እንዳለ ከተወሰደ ያጋንናል። እዚያው አካባቢ ያለ ተመሳሳይ ሕንፃ ቢቆጠር ይሻላል።

ጥናቱ የመንገድ መገናኛው «ደረጃ ዲ» ነው ይላል። ጥሩ ነው መጥፎ?

ከኤ እስከ ኤፍ የሚሄድ ደረጃ ነው፤ የትራፊክ መብራት ላይ አንድ መኪና በአማካይ ስንት ሰከንድ እንደሚቆም ይለካል። ኤ እስከ 10 ሰከንድ ነው። ዲ ከ35 እስከ 55። ከ80 ሰከንድ ካለፈ ኤፍ ነው። ብዙ ከተሞች ዲን ይቀበላሉ።

እኔ ግን በፊደሉ ብቻ አልረካም፤ አማካይ ብዙ ነገር ይደብቃል። አንድ መገናኛ ላይ ቆሜ ስቆጥር ወረቀቱ ዲ ነበር የሚለው። ወደ ግራ መታጠፊያው መስመር የሚይዘው 5 መኪና ብቻ ነው። ስድስተኛው ሲመጣ ጅራቱ ቀጥታ በሚሄደው መስመር ላይ ይቀራል። ከኋላው ያለው ሁሉ አረንጓዴ እያየ ይቆማል። ጥሩምባው አያድርስ ነው! እዚያ የሚያስፈልገው መታጠፊያውን ማርዘምና የመብራቱን ሰዓት ማስተካከል ነበር። ስለዚህ የሰልፉን ርዝመት ጠይቁ። «ስንት መኪና ይሰለፋል? መስመሩስ ስንት ይይዛል?» በሉ።

ከተማው አልሚውን ምን ምን ሊያስደርግ ይችላል?

መታጠፊያ መስመር፣ መብራት፣ አደባባይ፣ የእግረኛ መንገድና መሻገሪያ በራሱ ወጪ እንዲሠራ ማድረግ ይችላል። መሬት ከጎን እንዲለቅ ወይም ለወደፊት ሥራ ገንዘብ እንዲያስገባም ይጠይቃል። በእንግሊዝ ይህ በ1990ው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የከተማ ፕላን ሕግ አንቀጽ 106 በሚደረግ ስምምነት ይታሰራል፤ የሕዝብ መንገድ ላይ የሚሠራው ሥራ ደግሞ በ1980ው የአውራ ጎዳና ሕግ አንቀጽ 278። ከዚህ ሌላ ጉዞውን ራሱን የሚቀንስ እርምጃ አለ፤ ለሠራተኛ የአውቶቡስ ትኬት መክፈል፣ ሰርቪስ ማቅረብ፣ የመኪና ማቆሚያውን ቁጥር መቀነስ።

እኔ አልሚ ነኝ። መንገዱ ከኔ በፊትም የተጨናነቀ ነበር። ለምን የሁሉንም ዕዳ እኔ እከፍላለሁ?

ወንድሜ፣ ልክ ነህ፤ የሁሉንም መክፈል የለብህም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ጉዳይ ደጋግሞ አይቶታል። በ1994 የተወሰነው የታይጋርድ ከተማ ጉዳይ ዋናው ነው። የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ባለቤት የሆኑ ሴት ሱቃቸውን ሊያሰፉ ፈቃድ ጠየቁ። ከተማው በበኩሉ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ የሚሆን መሬት እንዲለቁ ጠየቀ። የሰፋው ሱቅ በቀን 435 ያህል ተጨማሪ ጉዞ ያመጣል ብሎ ነበር። የብስክሌት መንገዱ ግን ከዚያ የተወሰነውን «ሊያካክስ ይችላል» አለ እንጂ «ያካክሳል» አላለም። ፍርድ ቤቱ የያዘው ይህችን ቃል ነው። የሚጠየቀው ነገር ፕሮጀክቱ ከሚያመጣው ጫና ጋር በግምትም ቢሆን መመጣጠን አለበት፤ ከተማውም ይህን ለማሳየት መሞከር አለበት ብሎ ወሰነ።

በ2024 ደግሞ ሌላ ጉዳይ ተወሰነ፤ በካሊፎርኒያ ኤል ዶራዶ ካውንቲ (ወረዳ መሰል አስተዳደር ነው) አንድ ሰው ለአንዲት ተገጣጣሚ ቤት 23,420 ዶላር የትራፊክ ክፍያ ተጠይቆ ነበር። ካውንቲው ክፍያው በሕግ ለሁሉም የወጣ ነው በማለት ከዚህ መመዘኛ ማምለጥ እንደማይችል ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

ይህን የምነግርህ ከክፍያ እንድታመልጥ አይደለም። ድርሻህ በቁጥር ይውጣ። መገናኛው ላይ ከሚጨምረው መኪና አሥረኛው ያንተ ከሆነ የወጪውም አሥረኛው ያንተ ነው። ነዋሪውም የሚያምነው እንዲህ ሲሆን ነው።

መንገዱን ማስፋት አይበቃም?

አይበቃም። ሲሰፋ ቀድሞ በሌላ ሰዓት ወይም በሌላ መንገድ ይሄድ የነበረው ሰው ይመለስበታል፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት ቆይቶ ሰልፉ እንደነበረው ይሆናል። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማዋ ውስጥ የመኪና መዘግየትን ትታ ፕሮጀክቱ ምን ያህል የመኪና ጉዞ ርቀት ይጨምራል ወደሚለው የዞረችው አንድም ለዚህ ነው። እኔም ከመስፋቱ ይልቅ ጉዞ የሚቀንሰውን እመርጣለሁ።

ነዳጅ ማደያ ሲከፈት ያ ሁሉ መኪና አዲስ ነው?

አብዛኛው አይደለም። በዚያው መንገድ እያለፈ ጎራ የሚል ነው። ከአዲሱ ጉዞ ላይ ይቀነሳል፤ መግቢያና መውጫው ላይ ግን ይቆጠራል።

እኛ ጋ ሕንፃው ተሠርቶ ተከራይቶ አልቋል። ቃል የተገባው መሻገሪያ ግን እስካሁን የለም። ልጆቻችን በመኪና መሃል እየሮጡ ነው የሚሻገሩት።

እህቴ፣ ከሁሉም ጥያቄ የከነከነኝ ይሄ ነው። «አልሚው ይሠራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምንም አያስገድድም። መቼ? ይህ መጻፍ አለበት። «መሻገሪያው ሳያልቅ የመጠቀሚያ ፈቃድ አይሰጥም» ተብሎ ከታሰረ አልሚው ራሱ ይሯሯጣል። በዚያ ላይ የሥራውን ወጪ የሚሸፍን የባንክ ዋስትና ይያዝ። ባይሠራ ከተማው በዚያ ገንዘብ ያሠራዋል። የእናንተ ሕንፃ ሌላ ምዕራፍ ወይም ማስፋፊያ የሚጠይቅ ከሆነ የቀረውን ለማስፈጸም ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ የቀድሞውን የፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ቅጂ አውጥታችሁ ያዙ።

ከተከፈተ በኋላም መቁጠር ያስፈልጋል። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ከሳንታ ክላራ ካውንቲ የማስፋፊያ ፈቃድ ሲያገኝ አንዱ ዋና ግዴታው በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የመኪና ጉዞ እንዳይጨምር ነበር። ግቢው መግቢያዎች ላይ በየዓመቱ ይቆጠራል። እንዴት እንደሚቀንስ ለዩኒቨርሲቲው ተተወ። ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ።

ስብሰባው ሳምንት ነው። ጥናቱ 300 ገጽ ነው። ከየት ልጀምር?

ከኋላ። አባሪው ውስጥ የቆጠራ ቅጾቹ አሉ፤ አናታቸው ላይ ቀን ተጽፏል። አንድ ጊዜ የኔ ቡድን የቆጠረው ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት ሆኖ ተገኘ። ያወቁት ነዋሪዎች ናቸው፤ እኛም እንደገና ወጥተን ቆጠርን። የጠዋቱ ቁጥር በጣም ተለየ። መጀመሪያ ቀኑን እዩ፤ ቀጥሎ የትኞቹ መገናኛዎች ሳይቆጠሩ እንደቀሩ።