መልስ፦ የአባትን ስም ይዞ ባናን ማዘመን

ወንድሜ፣ የአባትህን የባና (ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ) ሥራ ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን ስታመጣ ስሙን ልቀይረው ወይ ላልከው፣ በፍጹም አትቀይረው! ገዢው የሚያምነው ያንን ስም ነው። መለወጥ ያለበት መጠኑና አገልግሎቱ ነው። ሙሉ ባና ከባድ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ለሶፋ የሚሆን ቀለል ያለ ይፈልጋል።

የመንዝ በግ ጥቁርና ቡናማ ፀጉር በተፈጥሮ መልኩ ይታይ፤ ማቅለሚያ አታስነካው። ሴቶች በእንዝርት የፈተሉት ክር ትንሽ ወጣ ገባ ይላል፤ ውበቱም እሱ ነውና በፋብሪካ ክር አትተካው። ለፈታዮቹም ደህና ክፈላቸው፤ እነሱ ከተዉት ሥራው አበቃለት።

ስሙን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በንግድ ምልክትነት አስመዝግበው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ወንድምና እህት ካለህ ግን ከምዝገባው በፊት ባለቤትነቱን በጽሑፍ ተስማሙበት።