ከፎቅ ጥላ ሥር ምን ልትከል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከግቢያችን በስተምዕራብ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ከተሠራ ወዲህ የአበባ መደቤ ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ብቻ ነው። ጽጌረዳዎቼ ቀጭጨው ቀሩ። ቦታው አራት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ነው። አሁን የአገራችንን ቁጥቋጦዎች መትከል እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ቀጋ ይላል፤ እኔ ልጆች ስላሉ እሾሁን እፈራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከኮተቤ)

መልስ፦ ባለቤትዎ አይቀየሙኝና ቀጋው ይቅር። እሾሁ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ፀሐይ ሲያንሰው ብርሃን ፍለጋ ቅርንጫፉን እያስረዘመ አጥር ላይ ይንጠላጠላል፣ አበባውም ይሳሳል።

እኔ ብሆን አብዛኛውን ቦታ ለጌሾ እሰጥ ነበር። ጌሾ የሚታወሰው ጠላና ጠጅ ሲጠነሰስ ብቻ መሆኑ ያናድደኛል። ጫካ ውስጥ ከትልልቅ ዛፎች ሥር የሚያድግ ተክል ስለሆነ የግማሽ ቀን ጥላ አያስከፋውም። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ ላዩ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል። አበባው ደቃቅና አረንጓዴማ ስለሆነ ሰው ልብ አይለውም፣ ንብ ግን አታልፈውም። ፍሬው መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲበስል ይጠቁራል፤ ያኔ ወፎች ይመጣሉ። ዝም ካሉት ከሰው ቁመት ያልፋል፤ ስለዚህ ጫፍ ጫፉን ይቁረጡት። ከጎን እያቆጠቆጠ ጥቅጥቅ ይላል፣ የተቆረጠው ቅጠልም ደርቆ ለጥንስስ ይሆናል። ሦስት ችግኝ ይበቃዎታል።

ከጌሾው ፊት ቀጨሞ ያስገቡ። ቅጠሉ ትንንሽ፣ ለመከርከም የተመቸ ነው፤ ግን ዘገምተኛ ስለሆነ ለችኩል ሰው አይሆንም። ዳማከሴውን በሩ አጠገብ ያድርጉት፤ ምች የመታው ጎረቤት ቅጠል ፍለጋ ሲመጣ መደቡን ረግጦ እንዳይገባ ማለቴ ነው። አበባው ሲያልፍ ካልቆረጡት የታችኛው ግንዱ ራቁቱን ይቀራል። የቆረጡትን ዘንግ እርጥብ አፈር ውስጥ ቢሰኩት ሥር ያወጣል።

የሚተክሉት ሐምሌ ውስጥ፣ አፈሩ በደንብ ሲርስ ይሁን። ከዚያ በፊት ግን ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍረው ይመልከቱ፤ ሕንፃ የተሠራበት አካባቢ አፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሲሚንቶ ፍርስራሽ ይቀበራል። ካገኙ ለቅመው ያውጡና ጉድጓዱን በቀይ አፈርና በበሰበሰ ፍግ ይሙሉት። ከአሸንዳ የሚወርደው ውኃም መደቡ ላይ እንዳያቁር።

ችግኝ ሻጩ «በአበባ ይሻልዎታል» ብሎ የወፍ ቆሎ ቢያቀርብልዎ አይቀበሉት። የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ጥላ አይወድም፣ ወፎች ፍሬውን በዘሩበት ሁሉ ደግሞ አገር ይወርራል።